ያልታሸገው ፖስታ

ባሻራት ሁሴን በሕይወቱ የጻፈው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ክፍል ይሞላል፤ ግን ሁሉም የጭነት ወረቀት ነው። ይህን ያህል ካርቶን መቀስ፣ ይህን ያህል ካርቶን መቆንጠጫ፣ ከሲያልኮት ተነስቶ ካራቺ ወደብ የሚራገፍ፣ የሹፌሩ ስም፣ የመኪናው ታርጋ፣ ፊርማ። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህንኑ ጻፈ። ከራሱ አፍልቆ የጻፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር በአንድ ጨረታ ሰነድ ውስጥ የገባችው ናት። እሷም ወዳጁን ይዛበት ሄደች።

ቀጭን ሰው ነው። ብርድ ሲገባ የሚለብሳት አንዲት ግራጫ ሹራብ አለችው፤ ብርዱ ከወጣም በኋላ አይጥላትም። በዋዚራባድ መንገድ ላይ ከተደረደሩት የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካዎች በአንዱ የጭነት ክፍል ኃላፊ ነበር። ኃላፊ ይባል እንጂ በሥሩ ያሉት አንድ ሚዛንና ሁለት ጫኞች ናቸው። አባቱ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበሩ፤ ሀብት ባያወርሱትም ጨዋነት አውርሰውታል። ከዚያ ጨዋነት አንዱ የደብዳቤ ነገር ነው። በፖስታ ቤት የምትልከውን ታሽገዋለህ። በእጅህ ለሰው የምትሰጠውን ግን ክዳኑን ክፍት ትተወዋለህ፤ ማሸግ ማለት ሰውየውን ፊት ለፊት "አላምንህም" ማለት ነውና። ተቀባዩም በሁለት እጁ ይቀበላል እንጂ ሰጪው እያየ ገልብጦ አይመረምርም። በእነሱ ዘንድ ይህን የማያውቅ አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

ጉልዛማን ኻንም ይህንኑ ጨዋነት ተምሮ ያደገ ነው፣ አስተማሪው ሌላ ቢሆንም። ከስዋቢ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ይዞ የመጣ የፓሽቱን ብሔር ተወላጅ ሲሆን፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ በሂና የቀላ፣ ሳቁ ከግቢው በር ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። አንዷ መኪና በሃያ ስምንት ዓመት ስድስት ሆነች። በእነዚያ ዓመታት የፋብሪካውን ዕቃ ወደ ካራቺ ያመላለሰው እሱ ነው። ውል የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ባሻራት ይደውላል፣ ጉልዛማን ይመጣል፤ በቃ።

"አንተ ወረቀት፣ ዛሬ ምን አለህ?" ይላል ጉልዛማን ገና ከበሩ።

"መቶ ዐርባ ካርቶን። እንዳለፈው ሳምንት እንዳትዘገይ ደግሞ፣ አንተ ዝሆን።"

"እኔ መቼ ዘግይቼ አውቃለሁ? የዘገየው ጉሙ ነው። እሱን ክሰሰው።"

በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ከአገሩ ጉር ያመጣለታል፤ ኦቾሎኒ የገባበት ድፍን የሸንኮራ ስኳር። የባሻራት ሚስት ናሲም ያንን ጉር እየሸራረፈች ብርዱ እስኪወጣ ታደርሰዋለች። ጉልዛማን የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሲድርም የሠርጉን ጥሪ ራሱ ይዞ መጣ፤ ክዳኑ ክፍት፣ የፖስታው ጠርዝ ትንሽ የሞተር ዘይት ነክቶት። ናሲም እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ከሁሉ በላይ ግን የወንድሙ ነገር አለ። የባሻራት ታላቅ ወንድም ካራቺ ውስጥ በድንገት ሞተ። ወሩ ሰኔ ነው፤ ሙቀቱ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ባሻራት የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጥቷል። ጉልዛማን በዚያው ሰሞን ካራቺ ነበር። ያገኘውን የመልስ ጭነት ትቶ፣ መኪናውን አሳጥቦ፣ በረዶ አስደርድሮ፣ ሬሳውን ጭኖ፣ ሹፌሩን ከጎኑ አስቀምጦ መሪውን ራሱ ያዘ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር። ሹፌሩ ኋላ እንደተናገረው መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ አልተከፈተም፤ በረዶው በቀለጠ ቁጥር እየቆሙ ከየከተማው ይገዙ ነበር። ሬሳው ሲወርድ ጉልዛማን "ይቅር በለኝ፣ ሳሂዋል ላይ ጎማ ተንፍሶብኝ ዘገየሁ" አለ።

ነገር የተለወጠው ሽማግሌው የፋብሪካው ባለቤት አርፈው ልጃቸው ሲረከብ ነው። መቀሶቹን የሚገዛው የጀርመን ድርጅት መጠይቅ ላከ። ከጥያቄዎቹ አንዱ "ዕቃችሁን የሚያጓጉዘውን ድርጅት የመረጣችሁት በምን መስፈርት ነው?" የሚል ነበር። እውነተኛው መልስ "ሰውየው ጉልዛማን ስለሆነ ነው" የሚል ነው፤ መጠይቁ ላይ ግን እንዲህ ላለው መልስ ቦታ አልተተወም። ስለዚህ ጨረታ እንዲወጣ ተወሰነ። ጨረታውን እንድትመራም አኒቃ የምትባል ወጣት የግዢ ኃላፊ ከላሆር ተቀጠረች።

አኒቃ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህ ይነገርላት። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ወንበር ስባ ባሻራት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች።

"ባሻራት ሳሂብ፣ ይህን ሥራ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ሰነዱን አብረን እናርቅቀው። ኮሚቴው ውስጥም ይግቡልኝ።"

"ጉልዛማንስ?" አለ ባሻራት።

"ይወዳደራሉ እንጂ! ማን ከለከላቸው? ጥሩ ከሆኑ ያሸንፋሉ።"

ባሻራት አላመነም። የላሆሮቹ ድርጅቶች ጉድ ብዙ ሰምቷል፤ የሰው ዋጋ አስቀድመው አይተው፣ ከሥሩ ትንሽ ቀንሰው ያሸንፋሉ ይባላል። የወዳጁን ፖስታ አንድ ሰው ከፍቶ ሲያይበት በዓይነ ኅሊናው መጣበት። ሁለት ቀን አሰበና ብዕሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጻፈ፦ "ሳይታሸግ የቀረበ ፖስታ አይነበብም፤ ከውድድር ውጭ ይሆናል።"

አኒቃ አንብባ ሳቀች። "እርስዎ እኮ ከእኔ የባሱ ጥብቅ ነዎት!" አለች። ከሥሩም የራሷን አንድ ሁለት መስመር ስለ ተቀባዩ ግዴታ ጨመረች፤ ባሻራት የእሷን አላነበበም። የራሱን ዓረፍተ ነገር በታይፕ ተጽፋ ሲያያት ኩራት ቢጤ ተሰማው። ወዳጁን ጋሻ ያለበሰው መስሎት ነበር።

ከዚያ ጨረታው እስኪያልቅ ከየትኛውም ተጫራች ጋር ስለ ጉዳዩ እንዳይነጋገር የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። ባሻራት የፈረመበትን የሚያፈርስ ሰው አይደለም። ጉልዛማንን "ፖስታውን አሽገህ አምጣ" ለማለት አንድ ትንፋሽ በቂ ነበር፤ እሷንም አልተነፈሰም። ጉልዛማን ግን አልተቀየመም። ግቢ ውስጥ ሲተላለፉ "ኮሚቴ ሆንክ አሉ! እንግዲህ በዓይንህም ቢሆን ሰላም በለኝ፣ ዓይን አይፈርም" ብሎ እየሳቀ አለፈ።

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ጉም ግቢውን ውጦታል። የጨረታው ሳጥን፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ ባሻራት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ተጫራቾች ያመጣሉ፣ እሱ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል፣ ደረሰኝ ይሰጣል። ከላሆር የመጣው ባለ ክራቫት የድርጅት ወኪል የሰጠው ፖስታ ሰም በሰም ሆኖ ወረቀቱ አይታይም። ሌሎች ሁለት የከተማው ተጫራቾችም የየራሳቸውን አስገቡ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ጉልዛማን መጣ። ነጭ ልብስ ከነሰደርያው ለብሷል፤ ጢሙ አዲስ ሂና ተቀብቷል። የዘይት ሽታ እንኳ አልነበረበትም፤ ታጥቦ ታጥቦ ለቆታል። ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ባሻራትም ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። ያኔ የክዳኑ ጠርዝ በቀኝ አውራ ጣቱ ሥር ላላ። ክፍት ነው።

አሁን የሆነውን ነገር ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ባሻራት ያችን ጠርዝ ሲነካ ደንቡ ትዝ አላለውም። ራሱ የጻፈው ደንብ፣ ሁለት ቀን ያሰበበት! ትዝ ያለው አባቱ ናቸው፤ ትዝ ያለው የሠርጉ ጥሪ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ባዕድ ሲተላለፉ ከርመው እንኳ ይህ ሰው እንደ ድሮው ያምነዋል። አውራ ጣቱ ለአፍታ እዚያው ቆመች፤ ደረቱ ሞቀው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፖስታውን ቀስ አድርጎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ደረሰኝ ጻፈ። ጉልዛማንም ጣቱን አይቷል፤ ክዳኑን ክፍት መተዉ እንደታወቀለት ተረድቷል። ሁለቱም እየተደሰቱ ተለያዩ።

ሳጥኑ የተከፈተው ቅዳሜ ጠዋት በስብሰባ አዳራሹ ነው። አራቱም ተጫራቾች ተገኝተዋል። አኒቃ ደንቡን አነበበች፤ ያች ዓረፍተ ነገር በአኒቃ ጥርት ያለ ድምፅ ስትነበብ ባሻራት ያ የላላ ክዳን ትዝ አለው። ገና ፖስታው ሳይወጣ ሁሉ ነገር ገባው። ጉልዛማን ማዶ ተቀምጦ ፈገግ ይልለታል።

ሦስተኛ የወጣው የእሱ ነበር። አኒቃ አገላብጣ አየችው።

"ይህኛው አልታሸገም" አለች።

"የኔ ነው ልጄ" ብሎ ጉልዛማን ተነሳ። ፈገግታው ገና አልጠፋም። "ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ አሽጎት ነበር። እኔ ነኝ እዚህ ስደርስ በጥፍሬ የከፈትኩት።"

"ለምን?"

"ለባሻራት በእጄ ልሰጠው አይደል? ፊት ለፊቱ አሽጌ ልስጠው እንዴ?"

ሁለቱ የከተማው ተጫራቾች አንገታቸውን ደፉ፤ እነሱ ገብቷቸዋል። የላሆሩ ባለ ክራቫት ግን እጁን አወጣ። "እንግዲያው ከኮሚቴው አባላት አንዱ የአንድ ተጫራች ዋጋ ክፍት ሆኖ በእጁ ገብቷል ማለት ነው። ይመዝገብልኝ።"

አኒቃ ወደ ባሻራት ዞረች።

"ባሻራት ሳሂብ፣ ሲቀበሉ ክፍት መሆኑን አይተው ነበር?"

ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ካርቶን ጎድሎበት አያውቅም፤ አንድ ሰው ጣቱን ቀስሮበት አያውቅም። አሁን ሰው ሁሉ ያየዋል። ባለ ክራቫቱ ብዕሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

"አላየሁም" አለ።

ለራሱም እውነት ነው ብሎ ነገረው፦ በዓይኔ አላየሁትም፣ በጣቴ ነው የነካሁት። ምስኪን! ለወዳጁ ያጣውን ብልሃት ለራሱ ሲሆን ከየት አመጣው?

ጉልዛማን አየው። ፈገግታው ቀስ እያለ ከጢሙ ውስጥ ጠፋ። ከዚያ ወደ አኒቃ ዞሮ "አዎ፣ አላየም" አለ። "እሱ ምን ያድርግ? ሥራ በዝቶበት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።"

ፖስታውን መለሱለት። በደንቡ መሠረት አይነበብም፤ ስለዚህ ክፍት የነበረውን ፖስታ ማንም ሳያነበው ይዞ ወጣ። ዋጋው ያሸንፍ ይሁን አያሸንፍ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የላሆሩ ድርጅት አሸነፈ፤ መኪኖቹ የት እንዳሉ ቢሮ ተቀምጦ በስልክ የሚታይባቸው፣ ነጭ፣ የአገሩ የጭነት መኪና ሁሉ የሚያጌጥበት ስዕል የሌላቸው ናቸው። ሰኞ ውሉ ተፈረመ።

ረቡዕ ዕለት አኒቃ ሁለት ኩባያ ሻይ በወተት ይዛ ባሻራት ክፍል ገባች። እንዳዘነ አይታለች፤ ልታጽናናው ነበር የመጣችው።

"እኔንም አሳዝነውኛል፣ የአላህ እውነት" አለች። "እኔማ አይቻለሁ ቢሉ ብዬ ተመኝቼ ነበር።"

"ለምን?"

"ሰነዱ ላይ አለ እኮ፤ እኔው ነኝ የጨመርኩት። ተቀባዩ ክፍት መሆኑን እያወቀ ከተቀበለ ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ጨረታው ይሰረዝና እንደ አዲስ ይወጣል። ለእርስዎ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ለእሳቸው ሌላ ዕድል ነበር። ግን ካላዩ፣ አላዩም። ምን ይደረጋል።"

ባሻራት ኩባያውን አስቀመጠ። ሻዩ ላይ ስስ ስልባቦት ይዞ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያነበበው የሰው ወረቀት ነው፤ ይህችን መስመር ግን ከራሱ ዓረፍተ ነገር ሥር ተቀምጣ እያለች አላነበባትም።

"አኒቃ ልጄ..." አለ።

"አቤት?"

አፉን ከፈተ። ውሉ ተፈርሟል። ነጮቹ መኪኖች ግቢ ውስጥ ቆመው ሞተራቸው ይሰማል።

"ምንም" አለ። "ሻዩ ቀዝቅዟል።"

ወዳጁን ሲክድ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ፍርሃት ነበር፤ ለዚህኛው ግን እሱ ራሱም ስም አላወጣለትም።

ዐሥር ቀን ታግሦ ጉልዛማን መኪና ማቆሚያ ግቢ ሄደ። ከስድስቱ መኪኖች ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። ጉልዛማን አንድ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየው ተነሳ፣ ወንበር አስመጣ፣ ሻይ አዘዘ፣ የናሲም ጉልበት ተሻላት ወይ ብሎ ጠየቀ። ደግ ነበር። "አንተ ወረቀት" ግን አላለውም።

"ዐውቄ ነበር" አለ ባሻራት፣ ገና ሳይቀመጥ። "ክፍት መሆኑን በጣቴ ዐውቄ ነበር።"

"አውቃለሁ። ጣትህ ስትቆም አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ለምን ውሸታም አላልከኝም?"

"አንተ አላየሁም ካልክ በኋላ?" ጉልዛማን ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። "ሰው ፊት አዋርጄህ ጭነት ልጭን? ተወው። ጭነት ሌላ ይገኛል፤ ባይገኝም ሸምግያለሁ። እኔን ያቃጠለኝ እሱ አይደለም።"

"ምንድን ነው?"

"እኔ ያንን ክዳን የከፈትኩት ላንተ ነበር። አንተ ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር፤ ፊትህን አይቻለሁ። ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ አላየሁም።" ኩባያውን አስቀመጠ። "ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።"

ባሻራት አለቀሰ። በሰው ግቢ፣ ሹፌሮች እያዩት፣ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ጉልዛማን ትከሻውን መታ መታ አደረገለትና እስከ በሩ ሸኘው።

የዚያ ዓመት ብርድ ያለ ጉር ገባ። ናሲም አንድ ቀን "ዘንድሮ ኻን ሳሂብ ረሱን እንዴ?" ብላ ጠየቀች፤ ባሻራት "መንገዱ ጉም ነው" አላት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

በጥር ወር፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ናሲም ከፈተችና "ኧረ መጡልን! ባሻራት፣ ኻን ሳሂብ ናቸው!" ብላ ጮኸች። ባሻራት ሹራቡን እየጎተተ ወጣ። ጉልዛማን ነጭ ልብሱን ከነሰደርያው ለብሶ በረንዳው ላይ ቆሟል። የመጨረሻ ልጁን ዛርጉናን ሊድር ነው። ያለ እናንተ አይሆንም፣ አለ። ናሲምን መረቃት፣ አንድ ኩባያ ሻይ ጠጣ፣ ስለ ብርዱ ተናገረ። በባሻራት ውስጥ ትንሽ ብርሃን ገባ፤ መጣ እኮ፣ ራሱ ይዞ መጣ፣ አለ ለራሱ።

ጉልዛማን ሊሄድ ሲነሳ የጥሪውን ፖስታ ከሰደርያው ኪስ አወጣ። በሁለት እጁ ሰጠ። ባሻራት በሁለት እጁ ተቀበለ።

አውራ ጣቱ ሳያዛት ወደ ክዳኑ ሄደች። በሙጫ ተለጥፏል። ከሙጫው በላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፕላስተር ተደርጎበታል።

ጉልዛማን አየው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ደረጃውን ወረደ።

ናሲም ኩባያዎቹን ሰብስባ ስትመለስ ባሻራት ፖስታውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። "ክፈተው እንጂ፣ ቀኑ መቼ ነው?" አለች። ከዚያ ቀረብ ብላ አየችው። "ምነው እንዲህ ጠረቀሙት? ቢላ ላምጣልህ?"

ባሻራት ግን በአውራ ጣቱ የፖስታውን ጠርዝ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ይዳብሳል፤ ይጨርስና እንደገና ይጀምራል።